አረጋውያን በሚኖሩበት ግቢ ዋይፋይና መጥሪያ እንዴት እንዘርጋ

ደብረ ማርቆስም ሁን ዳንግላ፣ የአረጋውያን ማዕከል ውስጥ ኢንተርኔት ልታስገባ ካሰብክ ራውተር ከመግዛትህ በፊት ስልክህን ይዘህ ክፍል ለክፍል ዙርና ኔትወርኩ የት የት እንደሚደክም እይ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ከሆነ ራውተሩ ከሚለቃቸው ሁለት የዋይፋይ ሞገዶች 5 ጊጋኸርዙ ቶሎ ይዳከማል፣ 2.4ቱ ይሻላል፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን ኬብል ስቦ በየኮሪደሩ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) መስቀል ነው፣ አንዱ የኬብል መስመር ደግሞ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አረጋውያኑ እርዳታ የሚጠሩበት መጥሪያውም አብሮ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው? ብዙ ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሰራ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይበቃዋል፣ ብቻ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አይተህ ግዛ። የጎጃም ክረምት መብረቁ ከባድ ስለሆነ የግቢውን ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ) በኤሌክትሪሺያን አስፈትሽ፣ ይሄን በፍጹም እንዳታልፈው።

መጥሪያው አልጋ አጠገብ ብቻ አይሁን፣ መታጠቢያ ቤትም ይግባ፣ ገመዱም እስከ ወለል ይውረድ፣ እርጥብ ወለል ላይ አዳልጧቸው የወደቁ እናት ተኝተው እንኳን እንዲስቡት።

ካሜራ በር ላይ ጥሩ ነው፣ መኝታ ክፍል ግን አይሆንም፣ ክብራቸው ነው። ስልክ ስታስተምር ፊደሉን አተልቀው፣ የልጆቻቸውን ፎቶ ከቁጥራቸው ጋር አድርግና «እማማ፣ ይቺን ፎቶ ይንኩ» በል፣ ራሳቸው እስኪደውሉ ድረስ ስልኩን ከእጃቸው አትቀበል።