ትምህርት ቤቱ ወደ ስልካችን ሲገባ የሠራናቸው ስህተቶች

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጄ ዩኬጂ ነበረች። «ለ15 ቀን ነው» ተባልን፤ በሩ ዳግም የተከፈተው ግን በ2013 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የእኛም ወደ ቴሌግራም ገባ። ከአንዲት መምህርት ከሚማሩ ልጆች ወላጆች መካከል አንዱ «እግዜር ይስጣት» ሲል ሌላው «ይህማ ገንዘብ መብላት ነው» ይል ነበር። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው እርካታውም ምሬቱም ከትምህርቱ ይልቅ ከእኛ ከወላጆቹ የመነጨ ይመስለኛል።

ትምህርትን በወረቀት ብዛት መመዘን። መምህርቷ የመልመጃ ወረቀት ስትልክ ደስ ይለናል። የሁለት ደቂቃ ተረት በድምፅ ቀድታ የላከች ቀን ግን «ይህ ምኑ ትምህርት ነው?» ብለን አጉረመረምን። ካጉረመረሙት አንዷ እኔ ነኝ። ልጄ ያንን ተረት አራት ጊዜ ደጋግማ ሰምታ ለአያቷ ስታወራ ግን ልብ አላልኩም። ትምህርት ቤቱ ሰማንና ተረቱ ቀረ፤ ወረቀቱ ጎረፈ።

በልጅ እጅ መጻፍ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል፤ የቤት ሥራው ፎቶ አልተላከም፤ የልጅቷ ዓይን ተከድኗል። እጇን ከነእርሳሱ ጨብጬ «መ»ን እስከ ገጹ ግርጌ ደረደርኳት። ፎቶውን እንደ ላክሁ «ጎበዝ!» የሚል መልስ ከቀይ ልብ ጋር መጣ። ጎበዟ እኔ ነበርኩ። መምህርቷ ልጄ ምን እንደቸገራት የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም። የዚያ ዓመት ልጆች ደግሞ ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ስለተዛወሩ ነገሩ ተሸፍኖ አለፈ። አንደኛ ክፍል ስትገባ ብቻዋን የጻፈቻት «መ» ሁለቱ ክቦቿ ተራርቀው መሐሏ የተሰበረ መነጽር መስላ ነበር። የተንጋደደውን ጽሑፍ እንዳለ መላክ፣ «ይህን ብቻዋን ጻፈች፣ ይህን አግዣታለሁ» ማለት ይቻል ነበር።

ችግርን ሳይናገሩ ማኩረፍ። ስልኩ አንድ ነው፤ እሱም ከአባትየው ጋር ሥራ ይውላል። ቪዲዮው ዳታ ይጨርሳል። ይህን ለመምህርቷ ማን ነገራት? በቪዲዮ ፋንታ አጭር ድምፅ እንድትልክ መጠየቅ አንድ መፍትሔ ነው። ፎቶና ቪዲዮ ሳንነካው በራሱ የሚያወርደውን የቴሌግራም የራስ ሰር ማውረጃ መዝጋትም ብዙ ዳታ ያተርፋል፤ እኔ ያወቅሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ሙሉ የትምህርት ቀን ከስልክ መጠበቅ። «ግማሽ ቀን ይማሩ ነበር፤ አሁን 20 ደቂቃ ብቻ?» የሚል ቅሬታ በዝቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ገና በ2011 ዓ.ም. ለ3 እና ለ4 ዓመት ሕፃናት ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። የእኔዋ በዕድሜ ትንሽ ብትበልጥም ከሩብ ሰዓት በኋላ ከወንበሩ ሥር ነበር የማገኛት። መደመርን የያዘችው ሽሮ ሊዘጋጅ በተለቀመ ሽምብራ ነው።

የክፍያ ንዴትን በመምህርቷ ላይ መወጣት። ክፍያውን የምትተምነው እሷ አይደለችም። የእኛዋ ዳታ የምትሞላው ከራሷ ኪስ መሆኑን የሰማነው ዘግይተን ነው።

ለመጠይቅ በይሉኝታ መመለስ። በዓመቱ መጨረሻ «በትምህርቱ ረክተዋል?» የሚል ቅጽ መጣ። ቡድኑ ውስጥ ስናማርር ከርመን፣ ስማችን የሚጻፍበት ቦታ ስናይ ሁላችንም «በጣም ረክቻለሁ» ላይ ምልክት አደረግን። ከሥሩ ለአስተያየት ሦስት መስመር ተትቶ ነበር። ዛሬ ቢሆን እንዲህ እሞላው ነበር፦ «እስከ 50 ትቆጥራለች። «መ»ን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ተረቱን መልሱልን።»