የድሮ መኪና ሻንሲና መሪ ማሻሻል፦ ከየት ይጀመራል?

መልኩ የድሮ፣ አነዳዱ የዛሬ የሆነ መኪና ሁሉም ይወዳል። ሞተሩ ይቀየራል፣ ቀለሙ ይታደሳል፣ ወንበሩ ይለበጣል፤ ከሥር ያለው ሻንሲ (ሞተሩና ቦዲው የሚቀመጡበት ዋናው ብረት) ግን እንደነበረ ይቀራል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፎርድን ውሰዱ፤ ቪ8 ሞተር በ1932 አመጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ፊቱን ግን እስከ 1948 ሞዴል ድረስ በአንድ ወጥ አክስልና በአግድም በተኛ አንድ ባሌስትራ ነው ያስኬደው። የሃይድሮሊክ ፍሬን እንኳ የገባለት በ1939 ነው። እንዲህ ያለ ሻንሲ ላይ ጉልበቱ ሦስት እጥፍ የሆነ ሞተር ስትጭኑ መጀመሪያ የሚያማርረው መሪው ነው።

ግን ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ የታመመውን ለዩ።

ፊቱን በክሪክ አንሱና መቆሚያ አስገቡለት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከላላ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ድገሙት፤ ፍሬኑ ሲረገጥ ልልነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የሚሽከረከር ክፍል) ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ፔርኖው (ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ፒን) አልቋል ማለት ነው። ቀጥሎ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ እዚህ ጋ ደግሞ ያረጁ ቴስቲናዎች (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች) ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ከዚያ መኪናውን አውርዱትና አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ እናንተ ከሥር ተመልከቱ። የትኛው ክፍል ዘግይቶ እንደሚንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። አንዳንዴ የመሪ ሳጥኑ የታሰረበት የሻንሲ ብረት ራሱ ሲተጣጠፍ ታገኙታላችሁ፤ ሳጥን ቢቀየር ባይቀየር ለውጥ የማያመጣበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ለምን ይሄን አስቀደምኩ? «የድሮ መኪና መንገድ አይይዝም» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ያለቀ ፔርኖ፣ የላላ ቴስቲናና የተሳሳተ ካስተር (ጎማው የሚታጠፍበት መስመር አናቱ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት አንግል) ነው። መኪናው ቀላል ከሆነና ሞተሩም መጠነኛ ከሆነ፣ በደንብ የታደሰ ወጥ አክስል በችኮላ ከተበየደ ውድ ኪት በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ምርጫው። መንገዱ በመሠረቱ ሦስት ነው።

አንደኛው ወጥ አክስሉን ትቶ መሪውን ብቻ መቀየር ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ከ1971 እስከ 1977 የተሠራውን የሸቭሮሌ ቬጋ የመሪ ሳጥን፣ ወይም በዚያ ልክ አዲስ የሚሠራውን ነው፤ ትንሽ ነው፣ ሻንሲው ጎን ላይ ይቀመጣል፣ የመሪውን ግፊትም በአግድም ወደ ተቃራኒው ጎማ ይልካል። አንድ የሚረሳ ነገር ግን አለ። ባሌስትራው በአግድም የተኛ ከሆነ በማንጠልጠያዎቹ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ መሪውን ስታዞሩ ጎማው ከመዞሩ በፊት አክስሉ ራሱ ወደ ጎን ይገፋል። መፍትሔው አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚይዝ ዘንግ፣ ፓናርድ የሚባለው፣ መጨመር ነው። ርዝመቱና ያዘነበለበት አንግል ከመሪው አግድም ዘንግ ጋር የተቀራረበ ይሁን። ካልሆነ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር መሪው እጃችሁ ላይ ይጎትታል።

ሁለተኛው ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚሠራ የፊት እግር መበየድ ነው። የዚህ አባት ከ1974 እስከ 1978 የተሠራው ፎርድ ሙስታንግ ቱ ነው። መኪናው እንደ መኪና ብዙ አድናቂ የለውም፣ የፊት እግሩ ግን ጠባብና አጭር ስለሆነ ከብዙ አሮጌ ሻንሲ ጋር ይስማማል፤ ራኩም (የመሪውን ዙር ወደ ግራና ቀኝ ግፊት የሚቀይረው ጥርሳም ዘንግ) ከአክስሉ ፊት በኩል ነው። ዛሬ ለየሞዴሉ የተቆረጠ አግዳሚ ብረት ከነብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይሸጣል።

ሦስተኛው የሌላ መኪና ሙሉ ፊት ማምጣት ነው። ለምሳሌ ከ2003 እስከ 2011 የተሠራው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ፊቱ በብሎን ተፈትቶ አንድ ላይ ይወጣል፣ ለድሮ ፒካፖች ይወደዳል። ግን ሰፊ ነው። ወደ ውስጥ በጣም የሚገባ ቸርኬ ካላገኛችሁ ጎማው ከፓራፋንጎ ውጪ ይቀራል። በጠባብ መኪና ላይ አልመክረውም።

የቱንም ብትመርጡ ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ይወሰን፦ የመኪናው የመጨረሻ ከፍታና የፊት አክስሉ መሃል። ይሄን የዘለለ ሰው በኋላ የሚያስተካክለው ሁሉ ማስታመም ነው። የምትነዱበትን ጎማና ቸርኬ አሁኑኑ ግዙ፤ «በኋላ እንቀይረዋለን» የሚል ሰው የለካው ሁሉ ውሸት ይሆናል። መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ በምትፈልጉት ከፍታ አቁሙት፣ ፊቱ ዝቅ እንዲል ከፈለጋችሁም አሁን አውርዱት። የጎማው መሃል ፓራፋንጎው ውስጥ የት እንደሚውል እዩ፣ በቱንቢ ወደ ወለሉ አውርዳችሁ ምልክት አድርጉ፣ ሻንሲውም ላይ በሹል ፑንች ነጥብ ምቱበት። ጠመኔ ይጠፋል። ሁለት ሴንቲ ብቻ ወደ ኋላ የተሳሳተ ጎማ ከሩቅ ያስታውቃል።

ሻንሲው ጋ እንምጣ። ቦዲውን ማንሳት ከቻላችሁ አንሱ፤ ካልቻላችሁ በሮቹ ክፍተታቸው እንዳይዛባ በሩ መሃል ጊዜያዊ ብረት በይዱ። ዝገቱን አራግፋችሁ ስንጥቅና የላላ ሪቬት ፈልጉ፣ በተለይ የድሮው መሪ ሳጥን በነበረበት አካባቢ። ከዚያ ሰያፉን ለኩ፦ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ሻንሲው ሳይቀና ምንም አይበየድበት።

የድሮ ሻንሲ ጎኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ክፍት ነው። ክዳን የሌለው ካርቶን ጠምዝዛችሁ እዩ፣ ከዚያ ክዳኑን ለጥፋችሁ ድገሙት፤ ልዩነቱ ያው ነው። ስለዚህ ክፍቱን ጎን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ዝጉት። ቢያንስ አዲሱ የፊት እግር የሚያርፍበትንና ሞተሩ የሚታሰርበትን። ብየዳው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበየደ ሰው ሙዝ የመሰለ ሻንሲ ነው የሚያገኘው። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ከባድ ብረት ላይ እሰሩት፣ መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ያዙት፣ ከዚያ አጫጭር አድርጋችሁ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ፊት፣ አንዴ ኋላ እያላችሁ በይዱ። በየመሃሉ ሰያፉን ለኩ። ብረት መቀጠል ካለ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መገጣጠሚያ አይሁን፤ በሰያፍ ወይም በደረጃ ቁረጡትና ከላዩ አልማዝ ቅርጽ ያለው መደገፊያ ጨምሩበት። የጎኑን የላይኛውና የታችኛው ከንፈር አትብሱት፣ ሸክሙን የሚይዘው እሱ ነው።

ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩን አትንኩ! አንዳንድ የድሮ መኪና ላይ ቁጥሩ የተመታው ሻንሲው ራሱ ላይ ነው፤ ያን ብረት ቆርጦ የጣለ ሰው ከሰነድ ጋር የሚጣላ መኪና ይዞ ይቀራል። መኪናው የተመዘገበበትን ቦታ ሕግ አስቀድማችሁ እዩ።

አግዳሚውን ስታስገቡ ውሃ ልካችሁ የሚነግራችሁን ከወለሉ አንጻር አንብቡ፣ ከሻንሲው አንጻር አይደለም። ሻንሲው ፊቱ 2 ዲግሪ ካዘነበለና አግዳሚውን ከሻንሲው ጋር ትይዩ ከበየዳችሁት 2 ዲግሪ ካስተር ጠፋ ማለት ነው። ሞላውን አውጥታችሁ በሾክ አብዞርበሩ ቦታ ልኩን የጠበቀ ብረት አስገቡ፤ ያኔ እግሩ በመጨረሻው ከፍታ ላይ ይቆማል። የታችኛው ብራቾ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሲሆን፣ የግራና የቀኝ ጎማ መሃል ከኋላ አክስሉ እኩል ሲርቅ፣ ያኔ በነጥብ ያዙት። እንደገና ለኩ። ከዚያ ነው ሙሉ ብየዳ።

ራኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። የሞተሩ ኮፓ (ከሥሩ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) መንገድ ሲዘጋ ራኩን ትንሽ ወደ ታች ወይም ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ያጓጓል። አታድርጉት። ኮፓው ይቀየር ወይም ሞተሩ ይነሳ። የራኩ የውስጥ መገጣጠሚያዎች የላይኛውና የታችኛው ብራቾ ከሻንሲው ጋር የሚታጠፉባቸውን ነጥቦች በሚያገናኘው መስመር አካባቢ መዋል አለባቸው። ከዚያ ከወጡ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ራሱን ያዞራል፤ በጎርባጣ መንገድ ላይ መኪናው ያለ እናንተ ፈቃድ ይሄዳል። መፈተሻው ቀላል ነው። ሞላው ሳይገባ መሪውን መሃል ላይ ቆልፉ፣ ሞዞው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ እሰሩ፣ በክሪክ ከ5 ሴንቲ በታች እስከ 5 ሴንቲ በላይ በየሴንቲው እያነሳችሁ የጣውላውን የፊትና የኋላ ጫፍ ከአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለኩ። የሁለቱ ልዩነት ከፍ ዝቅ ሲል ከ1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለዋወጠ የራኩን ከፍታ በስስ ብረት አስተካክሉ። አንድ ሌላ ነገር፦ ከአክስሉ ኋላ እንዲሠራ የተሠራ ራክ እንዳለ ወደ ፊት ቢመጣ መሪው ይገለበጣል። ቀኝ ስትሉት ግራ ይሄዳል። እየሳቅኩ አይደለም፣ የሚደርስ ነገር ነው።

የመሪ ዘንጉን በተመለከተ፦ አንድ ክሮቼራ (ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መገጣጠሚያ) የሚታጠፍበት አንግል ከ30 ዲግሪ እምብዛም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሁለት ከሆኑ መሃል ያለው ዘንግ ላይ ያሉት ሹካዎቻቸው በአንድ መስመር ይሁኑ፣ አለበለዚያ መሪው አንዴ ይከብዳል አንዴ ይቀልላል። ሦስት ከሆኑ ዘንጉን የሚደግፍ ኩሽኔታ ግድ ነው። ዘንጉ ደግሞ በግጭት ጊዜ ራሱን የሚያጥፍ ወይም አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ይሁን። በድሮው ሥሪት ወጥ ስለነበር ፊት ሲመታ ዘንጉ ቀጥታ ወደ ሹፌሩ ደረት ነበር የሚመጣው፤ አሜሪካ ከጃንዋሪ 1968 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ላይ ይሄን የሚከለክል ደረጃ ያወጣችው ለዚህ ነው።

ፓወር ስቲሪንግ ከጨመራችሁ የፓምፑን ግፊት አረጋግጡ። ብዙ የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ፓምፖች ከ1,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ይገፋሉ፣ የሙስታንግ ቱ ዓይነት ራክ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ይረካል፤ ውጤቱ በአንድ ጣት የሚዞር፣ በፍጥነት መንገድ ላይ የሚያስፈራ መሪ ነው። ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ይፈታዋል። ፍሬኑንም ወደ ዲስክ ቀይራችሁ ማስተር ሲሊንደሩ ወለሉ ሥር ከቀረ፣ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለዲስክ 2፣ ለታምቡር 10 ፒኤስአይ የሚይዙ ቫልቮች አስገቡ።

አላይመንት ላይ ለወጥ አክስል ካስተር ከ5 እስከ 7 ዲግሪ፣ ለራክ ፊት ፓወር ካለው 4 አካባቢ፣ ከሌለው 2 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ካምበር (የጎማው አናት ወደ ጎን ማዘንበል) ዜሮ ወይም ግማሽ ዲግሪ ወደ ውስጥ። የጎማዎቹ ፊት ከኋላቸው ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይጥበብ። መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ ንዱ፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ ወደ መሃል ካልተመለሰ ካስተሩ አንሷል። ሞላዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ትንሽ ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ያኔ ብሎኖቹን ሁሉ በቶርክ መፍቻ ድገሙ፣ የቴስቲና ዳዶዎቹ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዝ ሽቦ) እንዳላቸው በዓይናችሁ እዩ፣ አላይመንቱንም አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስለኩ።