ችግር ሲጠና ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይባላል፤ ችግርን የቀመሰ ሰው በዚህ አባባል አይስቅም። የቤት ኪራይ ቀን ደርሶ ኪስ ባዶ ሲሆን፣ ትናንት «በፍጹም አላደርገውም» ያልነው ነገር ዛሬ «ምን ችግር አለው?» ይሆናል። እግዚአብሔርን እናምናለን የምንልም ከዚህ አናመልጥም።

«አንዴ ብቻ ነው» ማለት። አብርሃም በረሃብ ጊዜ ግብፅ ሲወርድ እንዳይገድሉት ፈርቶ ሚስቱን «እህቴ ናት» አለ። ያን ጊዜ እግዚአብሔር አተረፋቸው። ዘፍጥረት 20 ላይ ግን ያንኑ ውሸት በጌራራ ሲደግመው እናገኘዋለን፣ ምዕራፍ 26 ላይ ደግሞ ልጁ ይስሐቅ እዚያው ጌራራ ስለ ርብቃ እንዲሁ ይላል። አንዴ ያዳነን የመሰለን ውሸት በሚቀጥለው ችግር መጀመሪያ ትዝ የሚለን እሱ ነው።

«በሩ ተከፈተልኝ» ማለት። ለእኔ ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም መንፈሳዊ ይመስላል። ሳኦል 3000 ሰው ይዞ ዳዊትን እያሳደደ ነው፤ ዳዊት በተደበቀበት የዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ገባ። የዳዊት ሰዎች «እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ እሰጥሃለሁ ያለህ ቀን ይሄ ነው» አሉት። ዳዊት ግን የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ለእሱም ልቡ ወቀሰው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ስትጸልዩ ከርማችኋል። አለቃችሁ ይጠራችሁና ያልገባ ዕቃ «ገብቷል» የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ወደ እናንተ ገፋ ያደርጋል፣ «የእናንተም ድርሻ አለበት» ይላል፣ ድርሻው ደግሞ ልክ የጎደላችሁን ያህል ነው! «ጸሎቴ ተመለሰ» ለማለት ምን ያህል ይቀላል። ግን ገንዘቡ ከጎደለው ጋር ስለገጠመ ወረቀቱ እውነት አይሆንም። ዕቃው አልገባም፤ ከፈረማችሁ ዋሽታችኋል።

ደግሞ «እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል» የሚባል አለ። አዎ ያውቃል። ለዚህም ነው ከገንዘቡ አሥራት ብናወጣለት ነገሩ የማይነጻው።

መቸኮል። ሳኦል በጌልገላ ሳሙኤልን ሰባት ቀን ጠበቀ። ጠላት ተሰብስቧል፣ የራሱ ሰዎች እየተበተኑ ነው፤ ሳሙኤል መጥቶ ሊያቀርበው የነበረውን መሥዋዕት ራሱ አቀረበ። አቅርቦ እንደጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ። የሳኦል ምክንያት ሲሰሙት ያሳምናል፣ እኛም ብንሆን ምክንያት አናጣም።

«ታማኝ ከሆንኩ ወዲያው ይሳካልኛል» ብሎ መጠበቅ። ዮሴፍ የጌታውን ሚስት እምቢ አለ፣ ያገኘው እስር ቤት ነው። እዚያም ሕልሙን የተረጎመለት የጠጅ አሳላፊ ሲፈታ ረሳውና ሌላ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ትንሽ ሲዘገይበት «ታማኝነት ምን ጠቀመኝ?» ይላል። ሦስቱ ወጣቶች እቶኑ ፊት ቆመው ያሉት ሌላ ነው፦ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም። እኔ መታመን የምለው ይህን «ባያድነንም» የሚለውን ነው።

የመጨረሻው ችግርን ለብቻ ይዞ መቀመጥ ነው። ብዙዎቻችን ሰው ፊት ከማፈር ተደብቀን ማጥፋት ይቀለናል፣ ያሳዝናል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን መበለት ተመልከቱ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድ መጥቷል። እሷ ግን ወደ ኤልሳዕ ሄዳ ጮኸች። እሱም «በቤትሽ ምን አለሽ?» አላት። አንድ ማሰሮ ዘይት ነበራት። ከጎረቤት ባዶ ማድጋ ለመነች፣ በሯን ዘግታ ከልጆቿ ጋር ቀዳች፣ ማድጋው ሁሉ እስኪሞላ ዘይቱ አላለቀም፤ ሸጠች፣ ዕዳዋን ከፈለች። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ ችግሯን መናገሩ፣ ደጅ እየዞሩ ዕቃ መለመኑና መሸጡ ግን የእሷ ነበር። እናንተም ቀኑ ሳይደርስ አከራያችሁን አናግሩ። ዝቅ ያለ ሥራ ከተገኘ ያዙ። ለምታምኑት ሰው ደግሞ የጎደላችሁን ሳትቀንሱ ንገሩት፣ ያ ወረቀት ፊታችሁ ከመዘርጋቱ በፊት።