ያገለገለ ሳውዝ ቤንድ ቶርኖ ሲገዛ ምን ይፈተሻል?

በአሜሪካ ለቤት ወርክሾፕ የሚሆን ያገለገለ ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) የሚፈልግ ሰው በብዛት ከሚያገኛቸው ማሽኖች አንዱ፣ በኢንዲያና ግዛት ሳውዝ ቤንድ ከተማ ይመረት የነበረው ባለ 9 ኢንቹ ሳውዝ ቤንድ ነው። ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት ሞዴሎች አሉት። ኤ የፊሌት (የብሎን ጥርስ) መጠን በማንሻ የሚቀየርበት ጊርቦክስ ያለው ሲሆን፣ ቢ እና ሲ ግን ጊሮችን በእጅ እያወጡ በመተካት የሚሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ እነዚህን የሚገዛ ሰው ተለዋጭ ጊሮቹ ተሟልተው መኖራቸውን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሻጩ አዲስ ቀለም ቀብቶ ቢያቀርበው ብዙም አይደነቁ፤ የተበላን ብረት ቀለም አይሞላውም። ከሁሉ በፊት የሚታየው አልጋው፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች የሚቀመጡበት ረጅሙ የብረት አካል ነው። ሥራ የሚበዛው የሚቆረጠውን ብረት ይዞ ከሚዞረው ከማንድሪኖው አጠገብ ስለሆነ አልጋው በዚያ በኩል ይበላል፤ በቴልስቶኩ (በሌላው ጫፍ ያለው የዘንግ መደገፊያ) ጫፍ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ሊቆይ ይችላል። ይህን ለመለየት የመለኪያ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። ካሬጁን፣ ማለትም መቁረጫውን ተሸክሞ በአልጋው ላይ የሚንሸራተተውን ክፍል፣ ወደ ማንድሪኖው አስጠግተው፣ የማሰሪያውን ብሎን ካሬጁ በመጠኑ ከበድ እስኪል ድረስ ብቻ ያጥብቁት፤ ከዚያም መሪውን እያዞሩ ቀስ ብለው ወደ ቴልስቶኩ ይውሰዱት። መንገድ ላይ እየጠበቀ ሄዶ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ከማንድሪኖው አጠገብ ያለው ክፍል ተበልቷል ማለት ነው። ካሬጁ የሚሄድበትን ባለ ቪ ሐዲድም በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካገኙ ነገሩ የከፋ ነው። አልጋ ማስፈጨት ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ እንዲህ ያለውን ማሽን ለሌላ ገዢ መተው ይሻላል።

ቀጥሎ ማንድሪኖውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ስፒንድሉ ነው። የብዙዎቹ ስፒንድል የሚዞረው በኳስ ኩሽኔታ ሳይሆን በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ ዘይቱንም ከታች የሚስብለት ክር አለ፤ ክሩ ደርቆ ከተሠራበት ብረቱ ይጫጫራል። ዲያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) በስፒንድሉ ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ በማንድሪኖው የያዙትን ዘንግ ወደ ላይ ጫን ብለው ያንሱት። ከአንድ እስከ ሁለት ሺህኛ ኢንች የሚደርስ ጨዋታ (ልልነት) ብዙ አያሳስብም።

የጊሮቹን ሽፋን ከፍተው ባክ ጊሩን (ስፒንድሉን በዝግታና በኃይል የሚያዞረውን ጊር) ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩት። የዚህ ማሽን ማንድሪኖ በስፒንድሉ ላይ በፊሌት የሚጠመዘዝ በመሆኑ፣ በጣም ሲጠብቅ አንዳንዱ ባለሙያ ስፒንድሉን በባክ ጊሩ አስሮ በኃይል ይፈታዋል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ሁሉ በጥቂት ጥርሶች ላይ ስለሚያርፍ ጥርስ ይሰበራል። በብየዳ የተሞላ ጥርስ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ ግዢ መተዊያ አይደለም።

ሊድስክሩ፣ ማለትም ፊሌት ሲወጣ ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ብሎን፣ ደግሞ በኢንች 8 ጥርስ ያለው ስለሆነ፣ በሚሊሜትር ፊሌት ማውጣት የሚፈልግ ሰው ባለ 127 ጥርስ መሸጋገሪያ ጊር ያስፈልገዋል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የ5 ኢንች ልክ በትክክል 127 ሚሊሜትር ነውና። መቁረጫውን ወደ ሥራው የሚያስጠጋው የመስቀለኛው ስላይድ መሪ ሲዞር የሚሰማው ባዶ ጨዋታ ግን በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ዳዶው ይቀየራል።

የማሽኑ ታሪክም ይናገራል። የአሜሪካን መንግሥት የጦርነት ምርት ቦርድ የሚጠቅስ ሰሌዳ የተለጠፈበት ቶርኖ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ ስለሆነ፣ በፋብሪካ ሌት ተቀን ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ከትምህርት ቤት የወጣ ከሆነ ደግሞ ተማሪ ያጋጨው ጠባሳ ቢበዛበትም፣ አልጋው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ እኔ ብመርጥ ይህን እመርጣለሁ።

ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ፣ ከቤት መብራት ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ወጪው ላይ ይደምሩ። ሲጭኑ ቴልስቶኩንና ሞተሩን አውርደው፣ የማንሻ ገመዱን በአልጋው እንጂ በሊድስክሩ ዙሪያ በፍጹም አይጠምጥሙ። ቤት ከደረሰም በኋላ አልጋው እንዳይጣመም እግሮቹን በትክክለኛ ውኃ ልክ እያዩ ያስተካክሉ፤ የተጣመመ አልጋ፣ ያልተበላ ቢሆን እንኳ፣ አንዱ ጫፍ ወፍራም ሌላው ቀጭን የሆነ ዘንግ ይቆርጣል።