ጥናቱ ካርድ ክፍል ሳይበላሽ፦ ጎንደር ላይ የሕክምና ጥናት ለምትጀምሩ

የመመረቂያ ጥናታቸውን ይዘው የሚመጡ ሬዚደንቶችና የማስተርስ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ስታቲስቲክሱ ነው። ሶፍትዌሩ ግን የሰጡትን ይደምራል እንጂ ካርዱ ላይ የተጻፈው ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም። እዚህ ጎንደር ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች የሚፈጠሩት ከዚያ በፊት፣ ታካሚው አልጋ አጠገብ ነው።

«እናንተ ካላችሁ»ን እንደ ፈቃድ መቁጠር

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከመተማ የሰሊጥ እርሻ አንድ የቀን ሠራተኛ ትኩሳት ይዞት፣ ሆዱ ተነፍቶ ይመጣል፤ ካላዛር (ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ) ይጠረጠራል። ጋዋን የለበሰ ሰው ወረቀት ይዞ «ጥናት ላይ ትሳተፋለህ?» ሲለው «እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ» ይላል። ይሄ እሺታ አይደለም። እንቢ ካልኩ መድኃኒቱ ይቀርብኛል ብሎ የፈራ ሰው መልስ ነው።

ሁለቱን ነገር ለዩለት። «ይሄኛው ደም ለሕክምናህ ነው፣ ጥናት ባይኖርም ይወሰዳል። ያኛው ለጥናቱ ነው፤ አልፈልግም ብትል ሕክምናህ አይጓደልም» በሉት። ከዚያ የገባውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ከጥናቱ ቡድን ውጪ የሆነ፣ ማንበብ የሚችል ምስክር ባለበት ይነበብለትና አሻራውን ያኑር። አጥኚው የሚያክመው ሐኪም ራሱ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ሌላ ሰው ይጠይቀው፤ የሄልሲንኪ መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነው።

ዕድሜን እንደተነገረ መጻፍ

«አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» «ኧረ እንጃ ልጄ፣ ስድሳ በለው።» ዳታ ሰብሳቢው 60 ብሎ ያልፋል። ኋላ ሠንጠረዡ ሲወጣ 50 ላይ፣ 55 ላይ፣ 60 ላይ ሰው ተከምሮ፣ 58 ዓመት የሆነው ሰው ግን አንድም የለም። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ደርግ ሲገባ ምን ይሠሩ ነበር?» «ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» ካሉ 6 ወይም 7 ዓመታቸው ነበር ማለት ነው፤ ደርግ ሥልጣን የያዘው በመስከረም 1967 ስለሆነ የተወለዱት 1959 ወይም 1960 አካባቢ ነው። የ1977ቱ ድርቅና የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥም እንደዚሁ ያገለግላሉ። ዕድሜው በግምት መሆኑን በተለየ ዓምድ መዝግቡ።

ቀንና ሰዓት ማደባለቅ

ካርዱ በእኛ አቆጣጠር፣ የላቦራቶሪ ማሽኑ በፈረንጅ ይጽፋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም። አንድ ተማሪ ጳጉሜን 3 ቀን የገባን ታካሚ ሲሞላ ፕሮግራሙ እንቢ ስላለው ነሐሴ 30 ብሎ አለፈው። ታካሚው የወጣው መስከረም 4 ነበር፤ ጳጉሜን 5 ቀን ስለነበረች የተኛው 6 ቀን ነው፣ በዳታው ግን 9 ሆነ። የቆይታ ጊዜን ለሚያጠና ሰው ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። ሰዓቱም ያው ነው፦ ነርሷ «ማታ 3 ሰዓት» ብላ የጻፈችው በ3፡00 ከገባ ማሽኑ የሚረዳው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። በካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ ቅዱ፤ ወደ ፈረንጅ የመለወጡን ሥራ በኋላ አንድ ሰው ብቻ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ይሥራው።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ሊገባ ይችላል፣ የቤተሰብ ስም ስለሌለንም የአባት ስም ብቻውን አይለይም። የካርድ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

ጣፊያን በጣት መለካት

«ከጎድን በታች አራት ጣት» ለዕለት ሕክምና ይበቃ ይሆናል፣ ለጥናት ግን አይሆንም፤ የኢንተርኑና የኮንሰልታንቱ ጣት እኩል አይደለም። በመለኪያ ሜትር፣ በሴንቲሜትር እየጻፋችሁ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ተነሥታችሁ ለኩ። የካላዛር ታካሚ በሕክምና ሲሻለው ጣፊያው እየሟሸሸ ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያው ቀንና በመጨረሻው ቀን የተለያየ ሰው በተለያየ መንገድ ከለካው መሻሉንም አለመሻሉንም ማወቅ አይቻልም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ከባድ ስህተት አለ። አር ኬ 39 የተባለው የደም ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ይሄ ደግሞ በሽታው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ቀድሞ የታከመን ሰው «ፖዘቲቭ ነው፣ አገረሸበት» ብሎ መመዝገብ አይቻልም። ማገርሸቱን ለማረጋገጥ ጥገኛው ራሱ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ በሚወሰድ ናሙና መታየት አለበት። የጣፊያ ናሙና ግን ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ዝቅ ላለ ታካሚ የናሙና ቁጥር ይሙላልኝ ተብሎ አይወጋም።

ሆስፒታሉን እንደ ሕዝቡ ማየት

ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከአርማጭሆ ሪፈር የተባለ ሰው ወደዚህ ይመጣል፤ እቤቱ የቀረው አይመጣም። ስለዚህ ዋርድ ውስጥ ያገኛችሁትን መቶኛ «በሰሜን ጎንደር ያለው ስርጭት» ብላችሁ ርዕስ አትስጡት። ይህ ተቋም፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ሠልጣኞቹን ወደ ገጠር እየላከ ነው የተነሣው። ስርጭት ማወቅ የፈለገ ዛሬም ቀበሌ ድረስ መውረድ አለበት።

አናቶሚ ክፍል

ከ20 አስከሬን 40 ኩላሊት ለካችሁ ማለት 40 ሰው አጠናችሁ ማለት አይደለም፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ይመሳሰላሉና ትንተናው ጥንድ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ግራና ቀኙን ከአካሉ ከመለየታችሁ በፊት ምልክት አድርጉበት፤ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ «ይሄ የግራው መሰለኝ» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። እያንዳንዱን ልኬት በካሊፐር ሁለት ጊዜ ውሰዱ፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን ቁጥር ሳታዩ።

ስልካችሁን ደጅ ተዉት። ጠረጴዛው ላይ ያለው የአንድ ቤተሰብ ሰው ነው። ፎቶ የግድ ካስፈለገ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ውስጥ ይጻፍ፣ የሚፈለገው አካል ብቻ ይነሣ፣ ፊቱ በጨርቅ ይሸፈን።