«ለጓደኛዬ ነው» ለምትሉ

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ በየሳምንቱ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቹ እስኪወጡ ይጠብቅና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጓደኛዬ ነው፣ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ሲፕሮ ስጠኝ» ይላል። እሺ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጓደኛ ነው።

ሲፕሮውን፣ ያንን አንቲባዮቲክ እንክብል፣ እርሱት። ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደው ቆይቷል፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው መርፌ ነው። ደግሞ ማቃጠሉ ከጨብጥ ይሁን ክላሚዲያ ከሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ፣ ወይም ከሁለቱም፣ በዓይን አይለይም። ፈሳሹ ጋብ ሲልላችሁ «ዳንኩ» ትላላችሁ፣ በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ይሠራል። ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ። አብራችሁ የምትተኙትንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሰው የሚዘላት ይህቺን ነው። አንዳችሁ ብቻ ከታከማችሁ በሽታው ዞሮ ይመጣል፤ ሁለታችሁም መድኃኒቱን ከወሰዳችሁ በኋላ 7 ቀን ከወሲብ ታገሡ። «እሷ ምንም የላትም» አያዋጣም፤ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ የማህፀን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል፣ ከዚያ ልጅ እምቢ ይላል።

ቂጥኝም አታላይ ነው። ቁስሉ አያምም፣ ሳይታከም ራሱ ይጠፋል፣ በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀራል። በጊዜ ከተደረሰበት ፔኒሲሊን ይጨርሰዋል።

ኮንዶምን ሁሉም ያውቀዋል፣ አጠቃቀሙ ላይ ነው ጉዱ። ዋሌት ውስጥ ወራት የከረመ ኮንዶም ይቀደዳል። ቀኑን እዩ፤ ማሸጊያውን በጣት ጫን ስትሉት አየር ሊኖረው ይገባል። በጥርስ አትክፈቱት። ጫፉን ቆንጥጣችሁ አየሩን አስወጡና እስከ ሥሩ አውርዱት። በተቃራኒው አድርጋችሁት አልወርድ ካለ ገልብጣችሁ አትሞክሩ፣ ጣሉትና ሌላ ክፈቱ። ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት ላስቲኩን ያበላሹታል፤ ማለስለሻ ካስፈለገ ከውሃ የተሠራውን ከፋርማሲ ግዙ። ሁለት መደረብም አያስፈልግም። ሲያልቅ ከሥሩ ይዛችሁ፣ ሳይለሰልስ ውጡ።

ቢቀደድስ? ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። 28 ቀን ይወሰዳል። «ሰኞ እሄዳለሁ» እያሉ ሐሙስ የሚመጡ አሉ፣ ያኔ ጊዜው አልፏል። በማግስቱ ተመርምሮ ነፃ መባልም አያረጋጋ፤ በ3 ወር ድገሙት።

ክትባት ያላቸው በሽታዎችም አሉ። «የወፍ በሽታ» እያልን በሌሊት ወፍ የምናሳብበው የጉበት በሽታ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ከእነዚህ ቫይረሶች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በወሲብ ይተላለፋል። ተመርመሩና ከሌለባችሁ ተከተቡ። የማህፀን በር ካንሰር ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል፤ ልጅ ያላችሁ ዘመቻው ሲመጣ አትለፉት።

ኮንዶም ስትገዙ ደግሞ ስሙን ጥሩት፣ «ያቺን ነገር» አትበሉ። አንዴ አንዱ እንዲህ ሲለኝ የጉሮሮ ከረሜላ ሰጠሁት። ከፍሎ ወጣ።