ሽርክናው ሲፈርስ ፎቶዎቹ የማን ናቸው?

አብራችሁ የፎቶ ሥራ ከምትሠሩት ሸሪካችሁ ጋር መነጫነጭ ከጀመራችሁ፣ ጠበቃ ከመፈለጋችሁ በፊት ሃርድ ዲስካችሁን ፈልጉ። ካሜራና መብራት መካፈል ቀላል ነው። ፎቶ ግን ኮፒ ይደረጋልና ሁለታችሁም እጅ ላይ ይቀራል፤ ጠቡም የሚከረው እዚያ ላይ ነው።

ፋይሉን መያዝና የቅጂ መብቱን መያዝ ለየቅል ናቸው። ካሜራው የሸሪካችሁ መሆኑ ወይም ፎቶው ላይ የሱ ሎጎ ማረፉ ብቻውን ባለመብት አያደርገውም። በአብዛኛው አገር መነሻው ፎቶውን ያነሳው ሰው ነው። መብቱም ከፎቶው ጋር አብሮ ይወለዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት፣ ማለትም አገሮች የሚጋሩት የቅጂ መብት ውል፣ መብቱ በምዝገባ ላይ እንዲንጠለጠል አይፈቅድም። ተቀጥራችሁ ያነሳችሁት ከሆነ፣ ወይም «ሥራዎቹ ሁሉ የድርጅቱ ናቸው» የሚል ውል ፈርማችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት። አዎ፣ ያኔ ሳታነቡ የፈረማችሁትን።

ቀጥሎ ማስረጃ። ትልቁ ምስክር ራው ፋይሉ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል ነው። ለመለጠፍ የሚዘጋጀውን ጄፔግ ማንም ከኢንተርኔት ሊያወርደው ይችላል፤ ራውን ግን አያገኘውም። ሸሪካችሁ የለጠፈው ፎቶ ቁጥር 4127 ቢሆንና እናንተ ጋ 4126ም 4128ም፣ ሙሽራዋ ዓይኗን የጨፈነችበት የተበላሸው ሳይቀር ካለ፣ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ውስጡ ያለው መረጃ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አንዳንዴም የካሜራውን መለያ ቁጥር ይናገራል። ማን እንደተኮሰ ግን አይናገርም። በአንድ ካሜራ እየተቀያየራችሁ ስትሠሩ ከነበረ፣ «ነገ ሠርጉን አንተ ግባ፣ እኔ ስቱዲዮ ነኝ» የምትል አንዲት የቴሌግራም መልእክት ወርቅ ናት። ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ዋናውን አትንኩ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተለጠፈውን መልሼ አወርደዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፣ ብዙዎቹ መረጃውን ይፍቁታል።

ተናዳችሁ ከጋራ ማከማቻው ላይ ፋይል አታጥፉ፣ ሸሪካችሁ እንዳይገባም አትቆልፉበት። ባለመብት ሆናችሁ ሳለ ተከሳሽ የምትሆኑት እንዲህ ነው።

መለያያውን በጽሑፍ አድርጉና ተፈራረሙ። «ፎቶዎቹን እንካፈላለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ለነገ ጠብ ማስቀመጥ ነው። ፎልደር በፎልደር ዘርዝሩ፤ ይሄኛው የማን ነው? ሌላው ለሥራ ናሙና ማሳየት ይችላል? መሸጥስ? የማን ስም ይጻፋል? «የጋራ» የሚለውን ቃል በተቻለ መጠን ሽሹት። አንዳንድ አገር አንዱ ባለድርሻ ብቻውን ለሌላ ፈቅዶ ትርፉን ያካፍላል፣ ሌላ አገር ደግሞ ሁሉም ካልተስማሙ ንክች አይባልም። ስማችሁ ከፎቶው ጋር እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ግን በብዙ አገር ፎቶውን ከሸጣችሁም በኋላ አብሯችሁ ይቆያል።

ደንበኛን መያዣ አታድርጉ። የከፈለበትን ፎቶ ስጡት፣ ከእንግዲህ ማንን እንደሚያነጋግር በሁለታችሁም ስም ጻፉለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሸሪካችሁ ፎቷችሁን እየተጠቀመ ከቀጠለ፣ ቀኑና ሊንኩ የሚታይበት ስክሪንሾት ያዙና መጀመሪያ በደብዳቤ ጠይቁት። እምቢ ካለ ድረ ገጾቹ የቅጂ መብት አቤቱታ ቅጽ አላቸው፤ የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህን የሚያስተናግዱት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት ነው። እያወቁ የሐሰት አቤቱታ ማቅረብ ራሱ ስለሚያስጠይቅ፣ ሸሪካችሁም መብት ያለበትን ፎቶ ከዝርዝሩ አውጡት።